አይበላሽም

የምኖርበት የጀሞ ብሎክ ባለ አራት ፎቅ ነው፤ ሊፍት የሚባል ነገር አልተፈጠረለትም። ላይ የሚኖር ሰው ቤቱ ለመግባት በሁሉም ደጃፍ ማለፍ አለበት። ስለዚህ የያዘው ፌስታል፣ የመጣበት እንግዳ፣ ያገኘው ሹመትና የደረሰበት ሐዘን ሁሉ ደረጃው ላይ ታይቶ፣ ተመዝኖ፣ ተተንትኖ ነው ቤቱ የሚደርሰው። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። ቪዛዬ ከመምጣቱ ከሁለት ቀን በፊት የብሎኩ ጥበቃ ከወንበራቸው ብድግ ብለው "ዶክተር፣ እንኳን ደስ አለህ፤ እንግሊዝ ነው አሉ" አሉኝ። ከማን እንደሰሙ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

እሑድ ለኔ ተብሎ ቡና ተፈላ። አንዷ የደም ግፊት መለኪያ፣ አንዱ ቁጥር 42 ጫማ፣ አንደኛ ፎቅ ያለው አቡሽ ደግሞ የኳስ ማሊያ አዘዙኝ። ለሁሉም "እሺ" አልኩ። እናቶች መረቁኝ፣ ሦስት ጊዜ "ያገርህን ስም አስጠራ" ተባልኩ። አቦል ቶና በረካው ሲያልቅ እኔ ልማር የምሄድ ሳይሆን እንግሊዞችን ላክም የምሄድ መስሎኝ ነበር።

እውነቱን ለመናገር የምሄደው ስድስት ሳምንት ቆሜ ለማየት ነው። ያኔ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ነበርኩ፣ የመጨረሻው ዓመት ላይ። በሙያችን "ትራቭሊንግ ፌሎሺፕ" የሚባል ነገር አለ፤ በሥልጠና ላይ ያለ ወይም በቅርቡ የጨረሰ ሐኪም ሰው አገር ይሄድና ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቶ፣ ራውንድ ዞሮ፣ ታላላቆቹ እንዴት እንደሚያስቡ አይቶ ይመለሳል። ነገሩ የቆየ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተጠናቀቀ በሦስተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ አሜሪካኖች፣ ካናዳውያንና እንግሊዞች ወጣት የአጥንት ሐኪሞቻቸውን መላላክ ጀመሩ፤ አንድ ዓመት እነዚያ ባሕር ተሻግረው ይመጣሉ፣ በሚቀጥለው እነዚህ ይሄዳሉ። ተጓዡም ባዶ እጁን አይሄድም። በደረሰበት ሆስፒታል ሰው ፊት ቆሞ፣ እሱ አገሩ ላይ ምን እንደሚሠራ ይናገራል። ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ልብ በሉልኝ። እኔ ልብ አላልኳትም።

የሄድኩበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም። ሰዎቹ ምንም አላደረጉኝም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ጥፋቴ የጀመረው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ከኮሪደሩ ነው። ጸሐፊዋ ባጅ ሰጠችኝ። ሳነበው "ሚስተር" ይልና ስሜ ይከተላል። ደሜ ፈላ። ስንት ዓመት ተምሬ፣ ገጠር ሠርቼ፣ ስንት ዲውቲ አድሬ፣ የሰው አገር በረገጥኩ በአንደኛው ሰዓት ማዕረጌ ይገፈፍ? "ይቅርታ፣ ዶክተር ነኝ" አልኳት ፈርጠም ብዬ። ግራ እንደገባት ባጁን ተቀብላኝ ሄደች፤ ከሰዓት በኋላ "ዶክተር" የሚል ሌላ ይዛልኝ መጣች። አንድ ሳምንት ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ከዞርኩ በኋላ ነው አንድ ናይጄሪያዊ ባልደረባ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት የነገረኝ። እንግሊዝ አገር ለቀዶ ሕክምና ሰው "ሚስተር" መባል ክብር ነው። ጥንት ዩኒቨርሲቲ ገብተው "ዶክተር" የሚባሉት የውስጥ ደዌ ሐኪሞቹ ነበሩ፤ መቅደድና መስፋት ደግሞ የፀጉር ቆራጮች ሥራ ነበር። ዘመኑ ተለውጦ ቀዳጁ ሲከበርም በ"ሚስተር"ነቱ ኮርቶ ቀረ። ፈተናውን ያለፈ ሰው "ዶክተር" የሚለውን በደስታ አውልቆ ይጥላል። እኔ የተሰጠኝን ሹመት መልሼ፣ የጀማሪ ማዕረግ ነበር በቁጣ የተቀበልኩት።

እንግዳ ሐኪም እዚያ በሽተኛ መንካት አይችልም፤ የአገሩ የሐኪሞች ምዝገባ ያስፈልገዋል። ስለዚህ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ጥግ እቆማለሁ። አገሬ ላይ በአንድ ሌሊት ዲውቲ አራት ስብራት የሚነካ እጅ እዚያ የሚሠራው ሥራ ስልክ መያዝ ብቻ ሆነ። እኔም ያዝኩ! የጉልበት ቅየራ ቀረጽኩ፣ በካሜራ የሚሠራ የትከሻ ኦፕራሲዮን ቀረጽኩ፣ መብራቱን ቀረጽኩ፣ ራሱ የሚከፈተውን በር ሳይቀር ቀረጽኩ። ስልኬ "ሞልቷል" ሲለኝ ቦታ ለማግኘት ምን እንደደመሰስኩ ልንገራችሁ። እሱን ለመናገር ግን ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

ጭኑ ወይም ቅልጥሙ ለተሰበረ ሰው፣ አጥንቱ መቅኒ ውስጥ ረጅም ብረት ይገባል፤ እኛ "ኔል" እንለዋለን። ኩንችር የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1939 የጀመረው ሐሳብ ነው። ብረቱ እንዳይሽከረከር ላይና ታች በብሎን ይቆለፋል። ጣጣው ያለው እታች ነው፤ ሥጋና አጥንት ውስጥ በተቀበረ ብረት ላይ ያለችን አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ከውጭ ሆኖ ማግኘት። ያለው አገር በሲ-አርም ያያታል፤ ሲ-አርም ማለት ኦፕራሲዮኑ መሐል አጥንቱን በስክሪን የሚያሳይ የራጅ ማሽን ነው። የሌለውስ? በቬትናም ጦርነት በሐኪምነት ያገለገለው አሜሪካዊው ሉዊስ ዘርክል ለዚህ መላ አበጀ። እ.ኤ.አ. በ1999 በዋሽንግተን ግዛት፣ ሪችላንድ በምትባል ከተማ "ሳይን" የሚባል ድርጅት አቋቋመ። የሳይን ኔል ከውጭ የሚገጠም ክንድ አለው፤ የክንዱ ቀዳዳ ውስጥ ካለው የኔሉ ቀዳዳ ጋር ትይዩ ነው። የቀረውን እጅህ ይነግርሃል። መቅኒውን የምትሞርደው በሞተር ሳይሆን በእጅህ እያሽከረከርክ ነው፤ መሞረጃው ጠንካራውን አጥንት ሲነካ ክርክር ይላል፣ ያ ድምፅ "በቃህ" ማለት ነው። መፈለጊያዋ ብረት ቀዳዳዋን ስታገኝ ደግሞ፣ ጨለማ ውስጥ ቁልፍ ጉድጓዱን ሲያገኝ እንደሚሰማህ፣ ጣትህ ላይ ትሰማታለህ። ብዙዎቻችን ያን ጊዜ ዓይናችንን እንጨፍናለን።

ድርጅቱ ብረቱን በነፃ ነው የሚሰጠው። በምትኩ የእያንዳንዱን በሽተኛ ራጅና ክትትል በኢንተርኔት መመዝገብ አለብህ፤ ያልመዘገብከው አይተካልህም። በሽተኛው ለክትትል ሲመለስ ቁጢጥ በል ይባላል፣ ከዚያ ፈገግ በል ይባልና ፎቶ ይነሳል። ቁጢጥ ካለ ዳሌውም ጉልበቱም ይታጠፋል፣ አጥንቱም ይሸከማል ማለት ነው፤ ፈገግ ካለ ደግሞ አላመመውም። ብዙ መለኪያ አይቻለሁ፣ እንደዚህ የወደድኩት የለም። ስልኬ ውስጥ እንዲህ ያሉ ፎቶዎች ነበሩኝ፤ የሲኖትራክ ሹፌር፣ ከቡታጅራ መንገድ የመጡ ገበሬ፣ ከሕንፃ ላይ የወደቀ የቀን ሠራተኛ። ገበሬው ፈገግ በሉ ሲባሉ "ቁጢጥ ብዬ ምን ያስቀኛል?" ብለው ክፍሉን በሙሉ ያሳቁ ናቸው።

የሰረዝኩት እነሱን ነው። ራሱ የሚከፈት በር ለመቅረጽ።

በሁለተኛው ሳምንት አለቃው ጠራኝ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጡረታው የተቃረበ ሰው ነው። "ረቡዕ ጠዋት ሃያ ደቂቃ ሰጥተንሃል፤ እናንተ ጋ እንዴት እንደምትሠሩ ንገረን" አለኝ። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። ስለ ምን ያዘጋጀሁ ይመስላችኋል? ስለ ጉልበት ቅየራ። ያኔ በሕይወቴ የጉልበት ቅየራ ላይ የቆምኩት ሁለት ጊዜ ነው፣ ሁለቱንም የቁስል መክፈቻውን ሪትራክተር ይዤ። ከመጽሐፍ ሥዕል ገለበጥኩ፣ የእነሱኑ ጥናት መልሼ ለእነሱ አነበብኩላቸው፤ መጀመሪያ ላይ የሆስፒታላችንን ዋና በር ቀለሙ ባልተላጠበት በኩል አሳየሁ። ስለ ሳይን አንድ ቃል አልተናገርኩም። "ያለ ራጅ ብረት የሚያስገቡ ሰዎች" እንዳይሉን ፈርቼ ነው። ሰዎቹ በትሕትና አዳመጡ። ለቅሶ ቤት ንፍሮ ቀርቦለት እንደጠገበ ሰው ጥቂት ጥቂት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጥያቄ ሲባል አለቃው ብቻ እጁን አነሳ። "ሲ-አርማችሁ ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?"

"አይበላሽም" አልኩ።

በዚህ ምላሴ። ያለን አንድ ሲ-አርም ነበር፤ እሱም ከቆመ አራት ወሩ ነበር። አንሶላ ለብሶ ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ ሲስተሮች ጋዋናቸውን ይሰቅሉበት ነበር። ሰውዬው ትንሽ አየኝና "እድለኞች ናችሁ፤ የኛ ይበላሻል" አለ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ።

በሳምንቱ እውነትም ተበላሸ። ቅልጥሙ የተሰበረ ወጣት ተኝቶ፣ ኔሉ ገብቶ፣ የታችኛው ብሎን ሲቀር ስክሪኑ ጥቁር አለ። አጠፉት፣ አበሩት፣ ባለሙያ ጠሩ። ሌላው ማሽን ሌላ ኦፕራሲዮን ላይ ነበር። አርባ ደቂቃ ያህል ቆምን። ጓንት ያደረጉ ስድስት እጆች ደረት ላይ ተጣምረው፣ ማደንዘዣው እየሠራ፣ የልብ ምት ማሳያው ቲክ ቲክ እያለ። አለቃው ዞር ብሎ "እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?" አለኝ። አስቡት፤ ከአዳራሹ ጥያቄ የተለየ ነው፣ ምንም ወጥመድ የለበትም። ከእነሱ ኔል ጋር የኛ ክንድ አይገጥም ይሆናል፤ ቢሆንም ለአርባ ደቂቃ የሚያወራ ወሬ ነበረኝ። የክርክሩ ድምፅ፣ ዓይን መጨፈኑ፣ ቁጢጥ ብለው የሳቁት ገበሬ። የመጣሁበት ጉዳይ በሙሉ እዚያች ጥያቄ ውስጥ ነበር።

"እኛም እንጠብቃለን" አልኩት።

ከዚያ በኋላ ስለ አገሬ ጠይቆኝ አያውቅም።

ተመለስኩ። የደም ግፊት መለኪያውን፣ ማሊያውን አመጣሁ፤ ጫማው 41 ሆነ። ሆስፒታል ውስጥ "እዚያ እኮ" የሚል በሽታ ያዘኝ። ሞርኒንግ ላይ "እዚያ እኮ"፣ ራውንድ ላይ "እዚያ እኮ"፣ ጄሶ ክፍል ሳይቀር "እዚያ እኮ ጄሶ ቀርቷል" — አልቀረም፣ ይቺም ውሸት ናት። የባጁን ታሪክ እንደ ቀልድ ለአንድ ጓደኛዬ ነግሬው ስለነበር በሳምንቱ ሆስፒታሉ በሙሉ "ሚስተር" ይለኝ ጀመር። ሲስተሮቹ "ሚስተር፣ እዚህ ጋ ፈርሙልን" ሲሉኝ በአንቱታው ውስጥ ያለው ፌዝ ከሩቅ ይሰማ ነበር።

አሁን ወደ ደረጃው ልመለስ።

ጀሞ ውስጥ ልጅ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚኬደው ወጌሻ ጋ ነው። ይህን የምለው ለመኮነን አይደለም፤ እኔም ልጅ ሆኜ ቁርጭምጭሚቴን ወጌሻ አሽቶኛል፣ ድኛለሁም። ችግሩ ስብራት ላይ ነው። የተሰበረ ቦታ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል። በቀርከሃ ስንጥርና በሲባጎ ዙሪያውን ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ ማበጫ ቦታ ያጣል፤ ደም መግባት ያቅተዋል፣ እጅ ይሞታል። በዚህ መንገድ የመጣ የልጅ እጅ ለመቁረጥ ገብቼ አውቃለሁ። ስለዚህ እቆጣ ነበር። ካርድ ክፍል፣ ተመላላሽ፣ ደረጃ ላይ፣ የትም። "ወጌሻ ነክቶታል?" ብዬ እጠይቃለሁ፤ "ኧረ የለም" ይላሉ፤ ምልክቱን አሳያቸውና "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማችሁም?" እያልኩ አጠምቃቸዋለሁ። ከጉዞዬ በፊት በነበረው ዓመት የብሎካችንን አንዲት እናት እዚያው ደረጃው ላይ፣ በሮች ሁሉ ገርበብ ብለው እየሰሙ፣ እንዲህ አድርጌያት ነበር። በጎ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

አንድ እሑድ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። የአቡሽ እናት ናት። ልጁን በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋዋለች፤ ስምንት ዓመቱ ነው፣ የሚታቀፍ ልጅ አይደለም። ያመጣሁለትን ማሊያ ለብሷል። "አሁን ደረጃው ላይ ወድቆ ነው፣ ዶክተር" አለች። ነጠላውን ገለጥኩ። ግራ ክንዱ ከክርኑ በታች ጠምሟል፣ ተወጥሯል፣ ያብለጨልጫል። አሁን የወደቀ ክንድ እንዲህ አያብጥም። ጣቶቹን ቀስ አድርጌ ቀና ላደርጋቸው ስል ብሎኩ በሙሉ እስኪሰማው ጮኸ። ይህ የማልወደው ጩኸት ነው። ክንድ ውስጥ ጡንቻዎቹን የሚጠቀልል፣ የማይለጠጥ ሽፋን አለ፤ ውስጡ ሲያብጥ ራሱን ያንቃል፣ ጡንቻ ደግሞ ያለ ደም የሚታገሰው ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። አንጓው ላይ የደበዘዙ ቀጫጭን መስመሮች አየሁ። ሲባጎ።

"ወጌሻ ጋ ሄዳችሁ ነበር?"

"ኧረ የለም፣ ማርያምን።"

አፌ ተከፈተ። ስብከቴ ተዘጋጅቶ ቆሞ ነበር፣ "በሽታውን የደበቀ" የምትለዋ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ግን ጊዜ አልነበረም፤ ራይድ ጠርተን በመካኒሳ መንገድ ወጣን። መኪናው ውስጥ ልጁ በመሐላችን ሆኖ፣ በጨለማው፣ ሳላያት ነው የነገረችኝ። የወደቀው ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። እኩለ ቀን ላይ ወጌሻ ጋ ወሰደችው። ከሰዓት በኋላ ማልቀስ ሲበዛበት 10 ሰዓት ላይ ራሷ ፈታችው።

"ከ10 ሰዓት ጀምሮ ታዲያ ለምን አላመጣሽውም? እኔ እኮ ቤት ነበርኩ!"

"ቤት እንዳለህማ ሰምቻለሁ። የገመዱ ምልክት እስኪጠፋ ነው የጠበቅኩት።" ትንሽ ዝም አለችና ቀጠለች። "ትጮሃለህ ብዬ ነዋ።"

አራት ሰዓት። ሁለት ፎቅ ለመውጣት አራት ሰዓት የፈጀባት፣ እኔን ፈርታ ነው። እንግዲህ በዚያች ጨለማ መኪና ውስጥ፣ ከየት መጣ ሳልለው፣ "አይበላሽም" የሚል የራሴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። እሷ የወጌሻውን ሲባጎ ከኔ እንደደበቀችው፣ እኔም አንሶላ የለበሰውን ማሽን ከዚያ ሰውዬ ደብቄዋለሁ። እንዲያውም የሷ ይሻላል፤ እሷ የፈራችው ሲጮህ የሰማችውን ሰው ነው። እኔን ማን ጮኾብኝ ያውቃል? የጠየቀኝ ሰው እንኳ በትሕትና ነበር የጠየቀኝ።

በዚያ ሌሊት ክንዱ ተከፈተ፤ ቆዳውና ያ ሽፋን ከክርኑ እስከ አንጓው ተቀዶ ጡንቻው እንዲተነፍስ ተደረገ። እኔ አይደለሁም የሠራሁት፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ለሲኒየሬ ሰጥቼ አገዝኩ። ጡንቻው ጠቆር ብሎ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ቀላ። ጊዜው ገና አላለፈም ነበር፤ ትንሽ ብንቆይ ግን ያልፍ ነበር። ዛሬ አቡሽ አምስቱንም ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል። ጠባሳው ረጅምና አስቀያሚ ነው፤ ለሰፈር ልጆች አንበሳ ነክሶት እንደሆነ ነግሯቸዋል። ያም ቢሆን ከኔ ይልቅ የሚታመን ውሸታም ነው።

ልጁ ከወጣ በኋላ ከእናቱ ጋር ወጌሻው ጋ ሄድኩ፤ ወደ ፉሪ ሲል ነው ቤታቸው። ሽማግሌ ናቸው። ማን እንደሆንኩ ሲሰሙ "እኔ ስብራት አልነካም፣ ልጄ፤ ወለምታ ብቻ ነው የማሸው" አሉ። ከኋላቸው፣ ግድግዳው ጥግ፣ የቀርከሃው ስንጥር በየልኩ ተከርክሞ ተደርድሯል። የአቡሽ እናት አቀረቀረች። እኔም ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ የእንግሊዙን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው፤ አንሶላውን፣ "አይበላሽም" ማለቴን፣ ሁሉንም። በጥሞና ሰሙኝና "ታዲያ ማሽኑ ተበላሸ?" አሉ።

"ተበላሸ።"

"እህ" አሉ።

ከዚያ በኋላ ስንጥሩን አውርደው አሳዩኝ። የተሰበረ እጅ እንዴት እንደሚዳስሱም በኔ ክንድ ላይ አሳዩኝ፤ አውራ ጣታቸውን አጥንቴ ላይ ቀስ ብለው ሲነዱት ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ የኔሏን ቀዳዳ ስፈልግ እንደማደርገው። ብዙ አልተከራከርንም። ዙሪያውን ጠበቅ አድርጎ ማሰር እንዲቀር፣ ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ቀና ሲደረግ የሚያስጮህ ከሆነ ወዲያው ተፈትቶ ሆስፒታል እንዲሄድ፣ አጥንት በቁስል ከወጣ ደግሞ እንዳይነኩት ለመንኳቸው። እሳቸውም በተራቸው አንድ ነገር ጠየቁኝ። "ሂዱ ስላቸው አይሰሙኝም፤ ወደኔ የሚመጡት እናንተን ሸሽተው ነው። የላክሁትን ሰው አትስደብብኝ።" ከዚያ ወዲህ አራት ልጆች ልከውልኛል። አንደኛውን ሳየው ልቆጣ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ጄሶ ክፍል ገብቼ ውሃ ጠጥቼ ተመለስኩ።

ለአለቃው ጻፍኩለት። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩና በአራተኛው ላክሁት። ሲ-አርማችን ያኔ እንደማይሠራ፣ ኔሉን በምን እንደምናስገባ፣ ለምን እንደደበቅኩ። ከምዝገባችን ላይ ያገኘኋቸውን የቁጢጥ ፎቶዎች አያይዤ፣ ገበሬውን መጀመሪያ አስቀድሜ። መልሱ የመጣው ከዚያችው ባጅ ከሰጠችኝ ጸሐፊ ነው። ሚስተሩ ጡረታ ወጥተዋል፣ ደብዳቤህን አስተላልፌላቸዋለሁ አለች። ሌላ መልስ አልመጣም። አንዳንድ ጥያቄ የሚመለሰው በተጠየቀበት ቀን ብቻ ነው መሰለኝ።

በጣም የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ከጀሞ ብዙ ሳይርቅ፣ ዘነበወርቅ፣ አለርት አለ። እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛ ተብሎ ነው፤ በሥጋ ደዌ የታጠፈ ጣትን ጅማት እያዛወሩ በመዘርጋት የታወቀው ፖል ብራንድ ከጠንሳሾቹ አንዱ ነበር፤ ከየአገሩ ሐኪም እየመጣ እዚያ ተምሯል። የፌስቱላ ሆስፒታሉን ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን ደግሞ ተመልከቱ። ታካሚ ሆነው ገብተው፣ ያለ መደበኛ ትምህርት በዶክተር ሬጅናልድ ሐምሊን አጠገብ ቆመው ቀዶ ሕክምናን ተምረው፣ ከውጭ ለመጡ ሐኪሞች አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከባልና ሚስቱ ሐምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሸልሟቸዋል። እኚያ እንግሊዞች! እኔ ጉልበት ቅየራ በመጽሐፍ ሥዕል ያሳየኋቸው እንግሊዞች። ይህን ሁሉ ከመሄዴ በፊት አውቀው ነበር እኮ። የማውቀውን ሻንጣ ውስጥ ሳልከት፣ ሃያ ሦስት ኪሎዬን በቡናና በበርበሬ ሞልቼ ነው የሄድኩት።

በሚቀጥለው ወር አንዲት ሬዚደንታችን ለተመሳሳይ ጉዞ ወደ ህንድ ትሄዳለች። "ስለ ምን ላቅርብ?" ብላ ስትጠይቀኝ ላፕቶፑን ከፍቼ የቁጢጥ ፎቶዎቹን አሳየኋት። ሳቀች፤ ትንሽም አፈረች። "ይሄንን ላሳያቸው?" አለች። ስልክሽ ውስጥ አስቀምጪው፣ በር ከቀረጽሽ ግን በሩን አጥፊ አልኳት። የተረዳችኝ አልመሰለኝም። እኔም በሷ ቦታ ብሆን አይገባኝም ነበር።

እኔ ደግሞ ካርድ ላይ የምጠይቀውን ለውጫለሁ። "ወጌሻ ጋ ሄዳችሁ ነበር?" ማለት ትቻለሁ፤ ያ ጥያቄ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። አሁን "ወጌሻው ምን አደረገላችሁ?" ነው የምለው። የሄደ ይናገራል፤ ያልሄደም "አልሄድንም" ይላል፣ ሳይምል።

ጀሞ ያላችሁ ጎረቤቶቼ፣ ልጅ ወድቆ ከሆነ፣ ታስሮም ከሆነ ጣቱን እዩት፤ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ወይ ስትዘረጉት ከጮኸ ፈታችሁ አምጡት፤ ምልክቱ እስኪጠፋ አትጠብቁ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተቀኝ ነኝ። አልጮህም። ከጮህኩም "ሚስተር" በሉኝ፤ ወዲያው ዝም እላለሁ።